ከዘፈኑ ርዕስ ጎን የቆሙ ፊደላት፦ የድምፅ ፋይል መለያዎች ሥርወ ቃል

በኮምፒውተሩ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው ማጫወቻውን በፍላጎቱ ማደራጀት ሲጀምር አስቀድሞ የሚያሰልፈው የዘፈኑን ርዕስ፣ የድምፃዊውን ስምና አልበሙ የወጣበትን ዓመት ነው። ቆየት ብሎ አንድ ጠባብ ዓምድ ይጨምራል። በዚያ ዓምድ ውስጥ አጫጭር ምልክቶች ከላይ እስከ ታች ይደረደራሉ፦ ኤምፒ3፣ ፍላክ፣ ኤኤሲ፣ ዌቭ፣ ኦፐስ። ብዙ አድማጭ እንደ ፋብሪካ ቁጥር ቆጥሮ ያልፋቸዋል። ነገር ግን ሁሉም ቃላት ናቸው። እንደማንኛውም ቃል የተወለዱበት ቦታና ዘመን አላቸው፤ ያጠራቸውና ያሳጠራቸውም ምክንያት አለ። የዘር ሐረጋቸውን የመረመረ ሰው መለያው የቱን እውነት እንደሚናገር፣ የቱን ደግሞ ሊናገር እንደማይችል ያውቃል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርና ጥብጣብ

ከመሠረቱ እንነሣ። «ፋይል» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ሲሆን ሥሩ የላቲኑ «ፊሉም» ነው፤ ክር ማለት ነው። የጥንት ጸሐፊዎች ሰነዶቻቸውን እየበሱ በክር ወይም በሽቦ ላይ ይሰኩ ነበር። መጀመሪያ ክሩ «ፋይል» ተባለ፤ ቀጥሎ ስሙ በክሩ ላይ ወደተሰኩት ወረቀቶች ተሸጋገረ፤ በመጨረሻ ኮምፒውተር ውስጥ በአንድ ስም ለተቀመጠ መረጃ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። በመሥሪያ ቤቶቻችን መዝገብ ቤት ወረቀት ተበስቶ በክር ሲታሰር ያየ ሰው የቃሉን የመጀመሪያ ትርጉም በዓይኑ አይቷል።

እንግሊዝኛው ለመለያ የሚጠቀምበት «ሌብል»ም የመጣው ከጨርቅ ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ ጥብጣብ ወይም ቁራጭ ጨርቅ ማለት ነበር። በኋላ በሰነድ ላይ የሚንጠለጠል ማኅተም ማሰሪያ፣ ከዚያም በዕቃ ላይ የሚለጠፍ መግለጫ ሆነ። «ፎርማት» ደግሞ ከላቲን «ፎርማቱስ» የወጣ ነው፤ ቅርጽ የተሰጠው ማለት ሲሆን በቀደመው ዘመን የሚነገረው ስለ መጽሐፍ መጠንና ቅርጽ ነበር። ዛሬ ስለ ድምፅ ፋይል የምንናገርባቸው ቃላት፣ እንግዲህ፣ ከጸሐፊ ጠረጴዛ የተወረሱ ናቸው።

የእኛ ቋንቋ በሌላ መንገድ ሄዷል። «መዝገብ» በግእዝ የሀብት ማከማቻ፣ ግምጃ ቤት ነው፤ «ዘገበ» አከማቸ፣ ሰበሰበ ማለት ነውና። «ዘገባ»ም «ዘጋቢ»ም የዚህ ሥር ልጆች ናቸው። ፈረንሳዮቹ ሰነዱን በማሰሪያው ክር ሲጠሩት የእኛ አባቶች በሚቀመጥበት ቤት ጠሩት።

ከፋይሉ ስም መጨረሻ፣ ከነጥብ በኋላ የሚመጡትን ፊደላት በአማርኛ «ቅጥያ» እንላቸዋለን። ቃሉ ከ«ቀጠለ» የወጣ ነው። ከ«ከፈለ» ክፍያ፣ ከ«ገደለ» ግድያ እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ቀጠለ»ም ቅጥያ ይወጣል፤ «ለ» ወደ «ያ» የሚለወጥበት ይህ መንገድ በቋንቋችን የተለመደ ነው። ሰዋስው የተማረ ሁሉ ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያ የሚባሉትን ያውቃል። የፋይል ቅጥያም በእርግጥ ድኅረ ቅጥያ ነው፤ ከስሙ ኋላ ተጨምሮ ስሙ የየትኛው ወገን እንደሆነ ይናገራል።

ቅጥያዎቹ ለምን በላቲን ፊደል ሦስት ብቻ ሆኑ? መልሱ ያለው በማሽኖቹ ታሪክ ውስጥ ነው። ጋሪ ኪልዳል በ1974 የሠራው ሲፒኤም የተባለ ሥርዓት ለፋይል ስም ስምንት ፊደል፣ ለቅጥያው ሦስት ፊደል ብቻ ይፈቅድ ነበር። በ1981 የወጣው የማይክሮሶፍት ዶስ ይህንኑ ልክ ወረሰ። ስለዚህ የፎርማት ስም የሚያወጣ ሰው ሁሉ በሦስት ፊደል መወሰን ግድ ሆነበት። ማይክሮሶፍትና አይቢኤም በ1991 ያወጡት የድምፅ ፎርማት ሙሉ ስሙ ማዕበል የሚል ትርጉም ያለው «ዌቭ» ነው፤ በላቲን ፊደል አራት በመሆኑ ግን በቅጥያው ላይ የመጨረሻዋ ፊደል ተቆረጠች። ያ የቦታ ጥበት ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የተቆረጠችው ፊደል ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ኤምፒ3፦ ምስል ያለበት የሙዚቃ ስም

ከሁሉም ዝነኛው ኤምፒ3 ነው፤ ትርጉሙ በስህተት የሚነገርለትም እሱ ነው። በ1988 ሊዮናርዶ ኪያሪልዮኔና ሂሮሺ ያሱዳ የመሠረቱት የባለሙያዎች ቡድን ነበር፤ ስሙ በአማርኛ ሲመለስ የተንቀሳቃሽ ምስል ባለሙያዎች ቡድን ይባላል፤ በአጭሩ ኤምፔግ። ይህ ቡድን በ1993 በታተመው የመጀመሪያ ደረጃው ውስጥ ድምፅን አጭቆ ማስቀመጫ ሦስት ዘዴዎችን አካተተ። «ንብርብር» ብሎ ጠራቸው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሦስተኛው ከሁሉም የረቀቀው ነው። በኤርላንገን ከተማ የሚገኘው የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ፣ ብዙ የደከሙበት ይህ ሦስተኛው ነበር።

መጀመሪያ ላይ የተቋሙ ሰዎች ለእነዚህ ፋይሎች «ቢት» የሚል ቅጥያ ይሰጡ ነበር። ሐምሌ 14 ቀን 1995 ዩርገን ጼለር ለባልደረቦቹ በላከው ኢሜይል ለውጡን አስታወቀ፤ ከእንግዲህ ቅጥያው ኤምፒ3 ይሁን ተባለ። ቀኑን ልብ እንበል። ረጃጅም የፋይል ስሞችንና ቅጥያዎችን የፈቀደው ዊንዶውስ 95 ገበያ ላይ የዋለው ነሐሴ 24 ቀን 1995 ነው፤ ከኢሜይሉ 41 ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ዓለም ሁሉ የተለማመደው ይህ ስም የተወለደው የሦስት ፊደል ሕግ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር።

አሁን መለያውን እንተርትረው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት «ተንቀሳቃሽ ምስል» የሚለው ሐረግ መነሻዎች ናቸው። ምስል የሌለበት ዘፈን፣ እንግዲህ፣ የምስል ስም ተሸክሞ ይዞራል። ቁጥር 3 ደግሞ የሚያመለክተው ሦስተኛውን ንብርብር እንጂ ሦስተኛውን ትውልድ አይደለም። በኤምፒ4 ላይ ያለው 4 ግን የኤምፔግን አራተኛ ደረጃ የሚያመለክት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን ይቆጥራሉ፤ ኤምፒ4 የኤምፒ3 ተተኪ አይደለም። በገበያ ላይ በመኪና ቴፕና በትንንሽ ማጫወቻዎች ላይ ተጽፎ የምናየው «ኤምፒ5» ደግሞ የነጋዴ ስያሜ ብቻ ነው፤ በዚያ ስም የሚጠራ የድምፅ ፎርማት የለም። አንድ ቁጥር ሥሩ ሲዘነጋ ሰዎች ትርጉም ፈጥረው ይሞሉታል፤ ቃላት ሁሉ በዚህ መንገድ ያልፋሉ።

ከጨዋታና ከልብ ወለድ የመጡት

ኤምፒ3 የኮሚቴ ልጅ ነው። ቀጥለው የመጡት ስሞች ግን ከሌላ ሰፈር ናቸው። በመስከረም 1998 ፍራውንሆፈር ለኤምፒ3 አሠራር የፈቃድ ክፍያ እንደሚጠይቅ ሲያስታውቅ፣ አሜሪካዊው ክሪስ ሞንትጎመሪና ባልደረቦቹ ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት ፎርማት ለመሥራት ተነሡ። ውጤቱ «ኦግ ቮርቢስ» ሆነ፤ የመጀመሪያው ሙሉ ዕትም በሐምሌ 2002 ወጣ።

«ኦግ» የመጣው «ኔትሬክ» ከተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በብዙ ተጫዋቾች መካከል በኔትወርክ የሚካሄድ የጠፈር ውጊያ ነው። በተጫዋቾቹ ቋንቋ «ኦግ ማድረግ» ማለት የራስን መርከብ ሳይሳሱ በጠላት ላይ መወርወር ነው። የሞንትጎመሪ የቀድሞ ሥራ «ስክዊሽ» ይባል ነበር፤ ስሙ የሌላ ሰው የንግድ ምልክት ሆኖ ስለተገኘ «ኦግስክዊሽ» ተባለ፤ ከዚያ «ኦግ» ብቻ ቀረ። «ቮርቢስ» ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቸት በ1992 ባሳተመው «ስሞል ጎድስ» በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ ስም ነው። ፎርማቱን የሚያስተዳድረው ድርጅት ስም «ዚፍ»ም የተቆረጠው «ዚፎፎረስ» ከተባለ የዓሣ ወገን ነው።

እነዚህ ስሞች የሚያስረዱት አንድ ነገር አለ። ደረጃ አውጪ ኮሚቴ ስም ሲያወጣ የራሱን ስምና ቁጥሩን ይጽፋል። በነፃ የሚሠሩ ሰዎች ግን ከሚወዱት ነገር ይሰይማሉ፤ ከጨዋታቸው፣ ካነበቡት መጽሐፍ፣ ከእንስሳት። «መንኪስ ኦዲዮ» የተባለው ፎርማት ቅጥያው «ኤፕ» ነው፤ ስሙም ቅጥያውም ከዝንጀሮ ዘመዶች ናቸው። በ2002 የተጀመረው «ማትሮስካ» ስሙን ያገኘው አንዷ በሌላዋ ሆድ ውስጥ ከሚገቡት የሩሲያ የእንጨት አሻንጉሊቶች ነው፤ ድምፅንም ምስልንም የትርጉም ጽሑፍንም በውስጡ ለሚይዝ ፎርማት የሚመጥን ስም ነው።

«ፍላክ» በሁለቱ መካከል ይቆማል። የአራት ቃላት ምሕጻር ነው፤ «ነፃ፣ ሳያጎድል የሚያጭቅ የድምፅ ኮዴክ» እንደማለት። ጆሽ ኮልሰን በሐምሌ 2001 የመጀመሪያውን ሙሉ ዕትም አወጣ፤ በ2003 ወደ ዚፍ ቤተሰብ ገባ። የመጀመሪያው ቃል «ነፃ» መሆኑ የዘመኑን ክርክር ያሳያል። በላቲን አራት ፊደል መሆኑም ዘመኑን ይመሰክራል፤ የሦስት ፊደል ሕግ በዚያን ጊዜ አልፎ ነበርና።

በ2012 ደረጃው የጸደቀው «ኦፐስ» ከሁሉም ቀለል ያለ ስም አለው። በላቲን ሥራ ማለት ሲሆን የአውሮፓ የረቂቅ ሙዚቃ ቀማሪዎች ድርሰቶቻቸውን የሚቆጥሩበት ቃል ነው። የዚሁ ቃል ብዙ ቁጥር «ኦፔራ» ነው።

ኮዴክና መያዣ

እስካሁን «ፎርማት» ስንል የቆየነው ነገር በእርግጥ ሁለት ነው። አንዱ ድምፁ የታጨቀበት ዘዴ ሲሆን «ኮዴክ» ይባላል። ሁለተኛው የታጨቀው ድምፅ የተቀመጠበት መያዣ ነው። «ኮዴክ» ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ የተገጣጠመ ነው፤ ወደ ኮድ የሚለውጥና ከኮድ የሚመልስ። «ኮድ» ራሱ ሥሩ ከላቲኑ «ኮዴክስ» ይደርሳል፤ እሱም በቀደመ መልኩ «ካውዴክስ»፣ የዛፍ ግንድ ነበር። ሮማውያን ሰም በተቀባ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር፤ ሰሌዳዎቹ ተጠርዘው ኮዴክስ ተባሉ፤ ስሙ ወደ ሕግ መጽሐፍ፣ ከሕግ ወደ ምልክት ሥርዓት ተሻገረ።

በቅጥያው ላይ የምናነበው ብዙውን ጊዜ የመያዣውን ስም ነው። በየሰፈሩ ውኃ የሚቀዳበትን ቢጫ ጀሪካን እናስብ፤ ከውጭ የዘይት ፋብሪካ ስም ታትሞበታል፣ ውስጡ ግን ውኃ ነው። ኤም4ኤ የተባለው ቅጥያም እንዲሁ ነው። ትርጉሙ የኤምፔግ 4 ድምፅ ሲሆን አፕል በስፋት አሰራጨው። በውስጡ ከድምፁ ጥቂት የሚያጎድለው ኤኤሲ ሊኖር ይችላል፤ ምንም የማያጎድለው የአፕል ኮዴክ «አላክ»ም ሊኖር ይችላል። ሁለቱ በጥራትም በመጠንም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ቅጥያቸው ግን አንድ ነው። በተቃራኒው ኤም4ቢ ለትረካ መጻሕፍት፣ ኤም4አር ለስልክ መጥሪያ ድምፅ ተብለው የተሰየሙት ቅጥያዎች ከኤም4ኤ ጋር አንድ ዓይነት ፋይሎች ናቸው። የመጨረሻዋ ፊደል የምትናገረው ስለ አገልግሎታቸው ብቻ ነው።

ቅጥያን ማንም ሰው በአንድ ጠቅታ ሊለውጠው ይችላል። ስሙ ሲለወጥ በውስጥ ያለው ድምፅ አይለወጥም። ስለዚህ ጠንቃቃ ፕሮግራም ቅጥያውን አምኖ አይቀመጥም፤ የፋይሉን መጀመሪያ ይመረምራል። የዌቭ ፋይል በመግቢያው «ሪፍ» የሚሉ አራት የላቲን ፊደላት አሉት፤ የፍላክ ፋይል የራሱን ስም፣ የኦግ ፋይል ስሙንና አንዲት ተጨማሪ ፊደል ይዞ ይጀምራል። እነዚህ ፊደላት በባለሙያዎቹ ዘንድ «አስማታዊ ቁጥር» ይባላሉ። በቅጥያ ሳይሆን በውስጥ ይዘት የፋይልን ዓይነት የሚለይ ትእዛዝ በዩኒክስ ሥርዓት ውስጥ ከ1973 ጀምሮ አለ።

መለያውን የሚያሳየው ዓምድ

በቅጥያና በኮዴክ መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ ከሚታይባቸው ማጫወቻዎች አንዱ ፉባር2000 ነው። ፒተር ፓቭሎቭስኪ በታኅሣሥ 2002 ለሕዝብ ያቀረበው ይህ ፕሮግራም ተጠቃሚው እያንዳንዱን ዓምድ በራሱ ቀመር እንዲጽፍ ያስችለዋል። ስሙም ሥርወ ቃል አለው። «ፉ»ና «ባር» ፕሮግራም ጸሐፊዎች ስም ሊሰጡት ላልፈለጉት ነገር በምሳሌ የሚጠሯቸው ናቸው፤ እኛ «እንትን» ወይም «እገሌ» በምንልበት ቦታ። «ፉ» በ1930ዎቹ በአሜሪካ ጋዜጦች በሚወጣ የሥዕል ቀልድ ውስጥ ይታይ ነበር፤ «ፉባር» ሲገጣጠም ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወታደሮች ይሉት ከነበረው፣ መጠገን እስኪያቅት የተበላሸ ነገርን ከሚገልጽ ምሕጻር ጋር ይመሳሰላል። የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚታተሙበት ተከታታይ ሰነድ በሚያዝያ 2001 ባወጣው 3092ኛ ቁጥሩ ስለ «ፉ» ሥርወ ቃል አትቷል።

በፉባር2000 ቀመር ውስጥ ቅጥያውን የሚያሳየው ትእዛዝና ኮዴኩን የሚያሳየው ትእዛዝ የተለያዩ ናቸው። ቅጥያውን የሚጠይቀው ከፋይሉ ስም መጨረሻ ያለውን ብቻ ይቀዳል። ኮዴኩን የሚጠይቀው ግን የፋይሉን ውስጥ አንብቦ ይመልሳል፤ የኮዴኩ ስም ሊገኝ ካልቻለ ብቻ ቅጥያውን ይተካል። በኤም4ኤ ፋይሎች በተሞላ ዝርዝር ላይ የመጀመሪያውን የጻፈ ሰው አንድ ዓይነት መለያ ከላይ እስከ ታች ያያል፤ ሁለተኛውን የጻፈ ሰው ኤኤሲውን ከአላኩ ለይቶ ያያል። ምርጫው የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

ፕሮግራሙ የዓለምን ፊደላት አንድ ላይ በሚያካትተው በዩኒኮድ ስለሚሠራ ቀመሩ ውስጥ የግእዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል። ኮዴኩ ፍላክ ሲሆን «ፍላክ»፣ ኤምፒ3 ሲሆን «ኤምፒ3» ብለህ አሳይ ብሎ ማዘዝ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ አንድ ቀላል ቀመር ነው። የዓምዱን ራስ «ዓይነት» ወይም «ኮዴክ» ብሎ መሰየምም የተጠቃሚው ድርሻ ነው።

የእኛ ዘፈኖች፣ የእኛ ፊደል

ኤምፒ3 ሲሠራ የዘፈኑ ስም የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። በ1996 ኤሪክ ኬምፕ ከፋይሉ መጨረሻ የምትለጠፍ 128 ባይት ቦታ አበጀ፤ «አይዲ3» ተባለች። ለርዕሱ 30 ባይት፣ ለድምፃዊው 30 ባይት። ቦታው የታሰበው ለላቲን ፊደል ነበር። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዩቲኤፍ8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሲጻፍ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። 30 ባይት፣ እንግዲህ፣ ዐሥር ፊደል ብቻ ይይዛል። ከዚያም በላይ ብዙ ማጫወቻዎች ያን ቦታ እንደ ላቲን ስለሚያነቡት የአማርኛ ርዕስ በጥያቄ ምልክትና በማይነበብ ቅርጽ ተተክቶ ይታይ ነበር። ብዙ የሀገራችን ዘፈኖች በላቲን ፊደል፣ በየሰዉ አጻጻፍ ተጽፈው የሚገኙት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው የአይዲ3 ትውልድ ችግሩን አቃለለ። ቮርቢስና ፍላክ ግን የርዕስ መጻፊያቸውን በዩቲኤፍ8 ስለሠሩት ለፊደላችን ክፍት ነበሩ። ለእኔ የእነዚህ ሁለት ስሞች ክብር ከዚህም ይመነጫል።

አንድ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አለ። መለያው ድምፁ አሁን ያለበትን ሁኔታ ይናገራል እንጂ ያለፈበትን መንገድ አይናገርም። ኤምፒ3 የነበረ ዘፈን ወደ ፍላክ ቢቀየር ዓምዱ «ፍላክ» ብሎ ያሳያል፤ የጎደለው ድምፅ ግን አይመለስም። መለያው አልዋሸም፤ የድምፁን ታሪክ የሚመዘግብ ቦታ ግን የለውም። ያን መጻፍ የሰው ሥራ ነው።

ስለዚህ የድሮ ሸክላዎችንና ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጡ ሁሉ አራት ነገር አድርጉ። ዋናውን ቅጂ በፍላክ ወይም በዌቭ አስቀምጡ። ርዕሱንና የድምፃዊውን ስም በፊደላችን ጻፉ። በአስተያየት መስጫው ቦታ ድምፁ ከሸክላ፣ ከካሴት ወይም ከሌላ ኤምፒ3 የመጣ መሆኑን በግልጽ አስፍሩ። ማጫወቻችሁ ላይም ከቅጥያው ይልቅ የኮዴኩን ዓምድ አኑሩ። የነገው አድማጭ የሚያምነው ዛሬ እናንተ የጻፋችሁትን ነው።